ጥገናዊ ለውጥ ስድብ በሆነበት ዘመን

በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ አንድን ተከራካሪ አንገት ለማስደፋት ረጅም ማስረጃ አያስፈልግም ነበር። «ጥገናዊ ለውጥ ፈላጊ ነው» ማለት ይበቃል። ጥገና የአድርባይ፣ የፈሪ፣ የባላባት ልጅ አሳብ ተደርጎ ተቆጠረ፤ የቆራጥ ሰው አሳብ ሥር ነቀል ለውጥ ብቻ ሆነ። ይህ አነጋገር ከግቢው ወደ ጎዳናው፣ ከጎዳናው ወደ ጦር ሰፈሩ፣ ከጦር ሰፈሩ ወደ አዋጁ ገባ። ከዚያም አሥራ ሰባት ዓመት አገር ገዛ።

ይህን የማነሳው ያንን ትውልድ ለመውቀስ አይደለም። አብዛኞቹ ለድሃ የሚያዝኑ፣ ለአገራቸው ሕይወታቸውን ለመስጠት ያልሳሱ ወጣቶች ነበሩ፤ ሰጥተውማል። የማነሳው ያው አነጋገር ዛሬ በዓለም ዙሪያ፣ በግራም በቀኝም፣ ስለተመለሰ ነው። ፖለቲከኛው ጭብጨባ የሚያገኘው «ሁሉም በስብሷል፣ ከሥሩ ይነቀል» ሲል ነው። ፍርድ ቤቱ፣ ምክር ቤቱ፣ ምርጫ አስፈጻሚው፣ ቤተ እምነቱ፣ ትምህርት ቤቱ ሁሉም በአንድ ላይ ይወገዛሉ። እኔ የወረስነውን ከማፍረስ በፊት መጠገን ይቀድማል ብለው ከሚያምኑት ወገን ነኝ። ይህ እምነት ለድሮው ሥርዓት ካለ ናፍቆት የመጣ አይደለም። ከ1966 እስከ 1983 ዓ.ም. በአገራችን የሆነውን መላልሶ ከመመርመር የመጣ ነው።

የታለፉት ዕድሎች

ከሁሉ አስቀድሞ ሐቁን እንናገር። የመሬት ጥያቄ እውነተኛ ጥያቄ ነበር። በተለይ በደቡብ የአገሪቱ ክፍል ጭሰኛው ካመረተው ላይ ከሲሶ እስከ እኩል ለባለመሬቱ ያስረክባል። ውሉ የቃል ነው፤ ባለመሬቱ በፈለገ ጊዜ ያስነሣዋል። በአርሲ፣ በጭላሎ አውራጃ፣ በስዊድን እርዳታ የተጀመረው የእርሻ ልማት ፕሮጀክት ችግሩን ቁልጭ አድርጎ አሳየ። የተሻለ ዘርና ማዳበሪያ መጣ፤ ምርት አደገ፤ መሬቱም ተወደደ። ያን ጊዜ ባለመሬቶቹ ትራክተር እያስገቡ ጭሰኞቻቸውን ማስነሣት ጀመሩ። እርዳታው የታሰበለት ገበሬ በእርዳታው ምክንያት ከቀዬው ተፈናቀለ። ስዊድኖችም የጭሰኛ ሕግ ይውጣ ብለው ወተወቱ።

መንግሥት ችግሩን አያውቅም ነበር ማለት አይቻልም። በ1950ዎቹ መጨረሻ የመሬት ይዞታን ጉዳይ የሚመለከት ራሱን የቻለ ሚኒስቴር ተቋቁሟል። የጭሰኛውን ውል በጽሑፍ የሚያደርግና በዘፈቀደ ከመነቀል የሚጠብቀው ረቂቅ ተዘጋጅቶ ለፓርላማ ቀርቧል። ረቂቁ የማንንም ርስት አይወርስም፤ የገባውን ውል አክብር ከማለት ብዙም አያልፍም። ፓርላማው ግን እያንጠለጠለ፣ እያዘገየ፣ ሥርዓቱ እስኪወድቅ ድረስ ሳያጸድቀው ቀረ። ለምክር ቤት ለመወዳደር ንብረት ያለው መሆን ያስፈልግ ስለነበር፣ ሕጉን የሚያወጡት ሕጉ የሚነካቸው ሰዎች ነበሩ። የፖለቲካ ፓርቲ የተፈቀደ አልነበረምና ለጭሰኛው የሚሟገት ወገን በአዳራሹ ውስጥ አልነበረም።

መንገዱ ግን ጠፍቶ አልነበረም። ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ የራሳቸውን መሬት ለጭሰኞቻቸው ሰጥተዋል። ከንጉሣዊው ቤተሰብ የሆኑ ሰው፣ ማንም ሳያስገድዳቸው፣ ምን ማድረግ እንደሚቻል በተግባር አሳይተዋል። የተከተላቸው ጥቂት ሆነ እንጂ።

ወግ አጥባቂ ነኝ የሚል ሰው ይህን የታሪክ ገጽ ዘሎ ማለፍ የለበትም። የዘውዱን ሥርዓት የጣሉት ተማሪዎችና ወታደሮች ብቻ አይደሉም። በታህሣሥ 1953 የተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት በቂ ማስጠንቀቂያ ነበር። ከዚያ በኋላ አሥራ ሦስት ዓመት እጃቸውን አጣጥፈው የተቀመጡት ባለርስቶችና ባለሥልጣናት የመጀመሪያዎቹ አፍራሾች ናቸው። አባቶች ሳይቃጠል በቅጠል ያሉትን ምክር በቃል እያወቁ በተግባር ረሱት። ነባሩን ሥርዓት እወዳለሁ የሚል ሰው ከማንም በፊት ለጥገናው መቸኮል ያለበት እሱ ነው፤ ካልቸኮለ የሚወደው ሥርዓቱን ሳይሆን ጥቅሙን ነው።

ስድስት ወር

በየካቲት 1966 ነገሩ ፈነዳ። የነዳጅ ዋጋ መናር ታክሲ ነጂዎችን፣ አዲሱ የትምህርት ዕቅድ መምህራንን፣ የደመወዝና የኑሮ ብሶት ወታደሮችን አስነሣ። ከሁሉም ጀርባ የወሎ ረሃብና ረሃቡን የመደበቅ ነውር ነበር። የካቲት 20 ቀን የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ስድስት ወራት ዛሬ ብዙ ሰው አያስታውሳቸውም። ሕገ መንግሥቱን የሚያሻሽል ጉባኤ ተሰይሞ፣ ንጉሠ ነገሥቱን በሕግ የሚገድብና መንግሥቱን ለሕዝብ እንደራሴዎች ተጠያቂ የሚያደርግ ረቂቅ በዚያው ክረምት አጠናቀቀ። የባለሥልጣናቱን ጥፋት የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቋመ። ጋዜጦች ከዚያ በፊት የማይታሰብ ነገር ይጽፉ ጀመር። ሠራተኛው ማኅበሩን ይዞ አድማ መታ፤ ካህናትና ሙስሊሞች በየፊናቸው ሰልፍ ወጡ። በሐምሌ የራስ እምሩ ልጅ፣ ልጅ ሚካኤል እምሩ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። አንድ አገር ራሱን በሕግ ለማደስ የሚያስፈልገው መሣሪያ ሁሉ ያን ክረምት በእጁ ነበር።

በሌላ በኩል ሰኔ 21 ቀን በአራተኛ ክፍለ ጦር የተሰበሰቡትና ደርግ የተባሉት ከመቶ በላይ የሆኑ መኮንኖች፣ ባለሌላ ማዕረጎችና ወታደሮች «ያለ ምንም ደም ኢትዮጵያ ትቅደም» እያሉ ባለሥልጣን በባለሥልጣን ላይ ያስሩ ነበር። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። በዚያው ቀን ሕገ መንግሥቱ ታገደ፤ ፓርላማው ተዘጋ። የጉባኤው ረቂቅም ሳይታይ ቀረ። ብዙ የተማረ ሰው ለረቂቁ ሊከራከርለት አልፈለገም፤ ጥገናዊ ነበራ።

ህዳር 14

ሥር ነቀል ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ሁለት ወር ከአሥራ ሁለት ቀን ብቻ ወሰደ። ህዳር 14 ቀን 1967፣ ቅዳሜ ማታ፣ በምኒልክ ቤተ መንግሥት ታስረው ከነበሩት መካከል ስም እየተጠራ ሰዎች ወጡ። ወደ ማዕከላዊው ወህኒ ቤት፣ ሕዝቡ ከርቸሌ ወደሚለው ግቢ፣ ተወስደው በዚያች ሌሊት ተረሸኑ። ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን፣ ከነሱ ውስጥ ነበሩ። የደርጉ ሊቀ መንበር የነበሩት ጄኔራል አማን አንዶምም በዚያው ምሽት መኖሪያ ቤታቸው ውስጥ ተገደሉ። በጠቅላላው 60 ያህል ሰዎች ናቸው። ዳኛ አላያቸውም። ክስ አልተነበበላቸውም። ሕዝቡ በማግስቱ በራዲዮ የሰማው ፖለቲካዊ ውሳኔ መሰጠቱን ነው።

እዚህ ላይ ቀረብ ብለን እንመልከት። መርማሪ ኮሚሽኑ ያን ጊዜ ሥራው ላይ ነበር። አክሊሉ ሀብተ ወልድ በእስር ላይ ሆነው ለኮሚሽኑ ስለ አገልግሎት ዘመናቸው ረጅም ጽሑፍ ጽፈው አስረክበዋል። ከፓሪሱ የሰላም ጉባኤ እስከ ኤርትራ ጉዳይ የተከራከሩባቸውን ዓመታት እያስታወሱ ሲጽፉ፣ የሚያነበውና የሚፈርደው አካል አለ ብለው አምነው ነው። ጥፋት ካለባቸው በሕግ ይፈረድባቸው ዘንድ መንገዱ ተከፍቶ ነበር። ያንን መንገድ በጥይት የዘጋው ደርጉ ነው።

ይህ የሆነው በማን አገር ነው? «በሕግ አምላክ» የሚለውን ቃል የሰማ መንገደኛ እርምጃውን በሚያቆምበት አገር ነው። በድሮው ልማድ ከሳሽና ተከሳሽ ኩታቸውን አቆራኝተው፣ ያለ ዘበኛ፣ በራሳቸው እግር ዳኛ ፊት ይቀርቡ ነበር። መንገድ ላይ ያገኙት ሽማግሌ ዳኛ ሆኖ ቢቀመጥ ብይኑን ይሰሙታል። የከሳሽ ጩኸት ብቻውን ማንንም አያስቀጣም፤ ተከሳሽ ይደመጣል። ይህ ልማድ ጉድለት ነበረበት፤ ባለጉልበት ያዛባዋል፤ ጉቦ ይገባበታል። ነገር ግን ማንም ሰው ሳይደመጥ አይፈረድበትም የሚለውን ትልቅ አሳብ ማንበብና መጻፍ በማያውቀው ገበሬ ልብ ውስጥ ሳይቀር አኑሮ ነበር። ለሕግ የበላይነት መሠረት የሚሆን ቅርስ ቢፈለግ ከዚህ የተሻለ አይገኝም። አብዮቱ ይህን ቅርስ የፊውዳል ዝባዝንኬ ብሎ ጣለው።

ብዙ ሰው ያን ቀን «የእጃቸውን አገኙ» ብሎ አለፈ። ያለ ፍርድ የሚገደሉት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ሁልጊዜም ማንም የማያዝንላቸው ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ግን ያለ ፍርድ መግደል ሥራ ይሆናል። ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ይቋቋም ሲል የነበረው ፓርቲ፣ ኢሕአፓ፣ ደርጉ ባወጀው ቀይ ሽብር ተመታ። ለደርግ ሂሳዊ ድጋፍ እሰጣለሁ ያለው ሌላው ፓርቲ መኢሶንም ብዙ ሳይቆይ ተከተለ። የደርጉ አባላትም እርስ በርስ ተላለቁ። በአዲስ አበባ የወጣቶች ሬሳ መንገድ ላይ ተጥሎ አደረ። ልጇን እንዳታለቅስ የተከለከለች እናት፣ ሬሳ ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የተጠየቀ አባት በየሰፈሩ ነበሩ። በደስታውም በሐዘኑም ጎረቤቱን የማይለየው ሕዝብ ድንኳን መጣል፣ እዝን መቀመጥ ተከለከለ።

በዚያ ሰዓት ለዚያች እናት ሊደርስላት የሚችል ማን ቀረ? ፓርላማው ተዘግቷል። ፍርድ ቤቱ ሽባ ሆኗል። የሠራተኛ ማኅበሩ ፈርሶ በደርጉ ቁጥጥር ሥር እንደ አዲስ ተዋቅሯል። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ከመንበራቸው ወርደው ታስረዋል፤ በ1971 ተገድለዋል። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳም በዚያው ዓመት ተገድለዋል። ከዜጋው ጎን ቆሞ «ተው» የሚል ድምፅ ያለው አካል ሁሉ አንድ በአንድ ተመንግሎ ነበር። እነዚህን ተቋማት ሲነቀሉ ያጨበጨበው ወጣት፣ ጠመንጃው ወደ እሱ በዞረ ጊዜ የሚሸሸግበት አጣ። ሱዳን በረሃ የተበተነው፣ ዛሬ በአሜሪካና በአውሮፓ ለሚኖረው ሕዝባችን ፈር የቀደደው ስደት በአብዛኛው ከዚያ ይጀምራል።

መሬቱ ለማን ሄደ?

የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። አዲስ አበባ በሰልፍ ተጥለቀለቀች፤ በደቡብ ያለው ጭሰኛ እውነተኛ ደስታ ተደሰተ። የጭሰኝነት ቀንበር በአንድ ቀን ተሰበረ፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። ነገር ግን አዋጁን ያነበበ ሰው መሬቱ ለማን እንደተሰጠ ያያል። አንድ ቤተሰብ እስከ 10 ሄክታር ሊጠቀም ይችላል፤ መሸጥ፣ መለወጥ፣ ማስያዝ፣ ማከራየት፣ ማውረስ ግን አይችልም። ባለቤቱ በስም ሕዝቡ፣ በተግባር መንግሥት ሆነ። ገበሬው በብዙ ባለመሬቶች ፈንታ አንድ ባለመሬት አገኘ፤ ይህኛው ደግሞ ጦር ያለው ነው።

ውጤቱ በየአውድማው ታየ። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከገበያው በታች በሆነ ዋጋ እህል ይገዛል። ለየገበሬ ማኅበሩ ኮታ ይደለደላል፤ ማኅበሩም በየቤቱ ያከፋፍለዋል። ዝናብ የቀረበት፣ ወይም ተምች የበላበት ገበሬ ኮታውን መሙላት ስላለበት ገበያ ወጥቶ በውድ ዋጋ እህል ይገዛና ለመንግሥት በርካሽ ያስረክባል። ገንዘብ ካጣ ፍየሉን፣ ከዚያም በሬውን ይሸጣል። በሬውን የሸጠ ገበሬ ለከርሞ በምን ያርሳል? ማዳበሪያውና ብድሩ በአብዛኛው የሚሄደው ከታረሰው መሬት ጥቂቱን ብቻ ለያዙት የመንግሥት እርሻዎች ነበር። በዚህ ላይ ጦርነትና ድርቅ ሲጨመር 1977 መጣ። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ያለቀበት ያ ረሃብ እየከፋ ሳለ በአዲስ አበባ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመትና የገዢው ፓርቲ የኢሠፓ ምሥረታ በታላቅ ድምቀት ይከበር ነበር። የዘውዱን መንግሥት ረሃብ ደበቀ ብሎ የጣለው መንግሥት የባሰውን ረሃብ በበዓል ሸፈነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይህን ለመሰለ ነገር ነው።

ገበሬው ራሱ የፈረደበት ቀንም አለ። በየካቲት 1982 መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጅ፣ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር አባል የነበረው ገበሬ ትእዛዝ አልጠበቀም። በጥቂት ወራት ውስጥ አብዛኞቹን ማኅበራት በትኖ በሬውንና ማሳውን ተከፋፈለ። በመንደር ምሥረታ ከቀዬው የተነሣውም ጎጆውን ነቅሎ ወደ ድሮ ቦታው ተመለሰ። የአሥር ዓመት ቅስቀሳ ያላሳመነውን ሰው አንድ የነጻነት ወር አናገረው።

አማራጭ አልነበረም የሚል ካለ ወደ ታይዋን ይመልከት። እዚያም መፈክሩ ያው መሬት ለአራሹ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1949 መጀመሪያ የጭሰኛው ኪራይ ከዋናው ሰብል ከ37.5 በመቶ እንዳይበልጥ በሕግ ተወሰነ። ከሁለት ዓመት በኋላ መንግሥት የራሱን መሬት ለገበሬ ሸጠ። በ1953 ደግሞ ባለመሬቱ ለራሱ ሦስት ሄክታር ያህል መካከለኛ የሩዝ ማሳ አስቀርቶ ትርፉን እንዲያስረክብ ተደረገ። ትርፉ መሬት አልተወረሰም፤ ተገዛ። ዋጋው የዓመቱ ዋና ምርት ሁለት እጥፍ ተኩል ሆኖ ተተመነ። ሰባ በመቶው በአሥር ዓመት ውስጥ በሩዝና በስኳር ድንች በሚታሰብ ቦንድ፣ ሠላሳ በመቶው በአራት የመንግሥት ኩባንያዎች አክሲዮን ተከፈለ። የቀድሞው ባለመሬት የሲሚንቶና የወረቀት ፋብሪካ ባለድርሻ ሆነ። ጭሰኛው የመሬቱን ዋጋ በአሥር ዓመት ከፍሎ የባለቤትነት ደብተሩን በስሙ ተቀበለ።

ታይዋን ያን ጊዜ የነጻነት አገር አልነበረችም። በወታደራዊ ሕግ ሥር ነበረች፤ ከጥቂት ዓመታት በፊትም ብዙ ደም ፈስሶባታል። ቢሆንም በመሬቱ ጉዳይ ደረጃ በደረጃ ሄዱ፤ ለተወሰደው ካሳ ከፈሉ፤ ለአራሹ የሰጡትም የራሱ አድርገው ነው። የታይዋን ገበሬ ልጆች ያደጉት በንብረት ባለቤትነት ነው። የእኛ ገበሬ ልጆች ዛሬም መሬታቸው በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ ነው እየተባሉ ያድጋሉ። አንዱ መፈክር በሁለት አገር ሁለት ዓይነት ትውልድ አፈራ፤ ልዩነቱም የአካሄድ ልዩነት ነው።

«ሊጠገን አይችልም ነበር» ለሚሉ

ብርቱው ተቃውሞ ይህ ነው፦ ባለጥቅም ጥቅሙን በፈቃዱ አይለቅም፤ ያ ፓርላማ አንዲት የጭሰኛ ሕግ ማጽደቅ ያቃተው አይደለም እንዴ? ተቃውሞው ክብደት አለው። እስከ የካቲት 1966 ድረስ ለነበረው ጊዜ እውነት ነው። ከየካቲት በኋላ ግን የባለጥቅሙ ክንድ ዝሎ ነበር። የጎደለው የሚያስገድድ ጉልበት አይደለም፤ ጉልበቱ በሕግ መንገድ እንዲሄድ የሚሻ የተማረ ክፍል ነው።

እንዲህ ያለው ነገር ይቻል እንደነበረ ስፔን አሳይታለች። የእኛ ፓርላማ ከተዘጋ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. ህዳር 1976፣ በጄኔራል ፍራንኮ ዘመን የተሰየመው የስፔን ምክር ቤት ራሱን የሚያከስመውን የፖለቲካ ተሐድሶ ሕግ በ425 ድጋፍና በ59 ተቃውሞ አጸደቀ። ሕጉን ያቀረቡት ጠቅላይ ሚኒስትር አዶልፎ ሱዋሬዝ በዚያው ሥርዓት ውስጥ ያደጉ ሰው ናቸው። ሕዝቡ በታህሣሥ ድምፅ ሰጥቶ አጸናው። በሚያዝያ 1977 ኮሚኒስት ፓርቲው ሕጋዊ ሆነ፤ በሰኔ ምርጫ ተደረገ፤ በ1978 ሕገ መንግሥት ጸደቀ። አርባ ዓመት ያህል በቂም የኖሩ ሁለት ወገኖች አንዱ ሌላውን ሳያጠፋ አንድ አዳራሽ ገቡ። ለአንዳንዱ ግራ ዘመም ይህ የጥገና ለውጥ ክህደት መስሎት ነበር። ስፔናውያን ግን የ1930ዎቹን የእርስ በርስ ጦርነት አይተዋልና ቂማቸውን ዋጡ።

ትምህርቱ ለማን ነው?

የማፍረስ ፍቅር በደርግ አላበቃም። በግንቦት 1983 ደርግ ሲወድቅ በአፍሪካ ከነበሩት ትላልቅ ሠራዊቶች አንዱ በጅምላ ተበተነ። ዕድሜውን በውትድርና የፈጀ ሰው የቤተ ክርስቲያን ደጅ ለልመና ተቀመጠ። ሰባት ዓመት ቆይቶ የኤርትራ ጦርነት ሲመጣ ከዚያው ከተበተነ ሠራዊት አብራሪዎችና መኮንኖች እንደገና ተፈልገው ተጠሩ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2003 ደግሞ በኢራቅ የአሜሪካ አስተዳዳሪ የነበሩት ፖል ብሬመር በአንድ ሳምንት ልዩነት ሁለት ትእዛዝ አወጡ፤ አንደኛው የባዝ ፓርቲን ሰዎች ከመንግሥት ሥራ አስወጣ፣ ሁለተኛው የአገሪቱን ጦር በተነ። መሣሪያ መተኮስ የሚያውቅ፣ ደመወዝ የሌለው፣ የተዋረደ ሰው በመቶ ሺህ ጎዳና ላይ ፈሰሰ። እ.ኤ.አ. በ2014 ሞሱልን በያዘው አክራሪ ቡድን አመራር ውስጥ የቀድሞው ጦር መኮንኖች ተገኙ። በባግዳድም ሆነ በአዲስ አበባ፣ በኮሚኒስትም ሆነ በካፒታሊስት እጅ፣ ነባሩን በጅምላ መናድ ያስከተለው ነገር ተመሳሳይ ነው፤ ባዶ የተተወውን ቦታ መጀመሪያ የሚይዘው የታጠቀ ነው።

ስለዚህ ዛሬ በየአገሩ «ከሥሩ ይነቀል» የሚል ድምፅ ስንሰማ፣ ድምፁ ከምንደግፈው ወገን ቢመጣም እንኳ፣ ማረጋገጥ ያለብን ነገር አለ። የሚነቀለውን የሚተካው ነገር ተዘጋጅቷል ወይ? የሚከሰሰው ሰው ዳኛ ፊት ይቀርባል ወይ? ከባለጥቅሙ የሚወሰደው ሀብትና ሥልጣን በዜጋው እጅ ይገባል ወይስ በሌላ ጌታ? የ1967ቱ ሰልፈኛ እነዚህን ቢጠይቅ ኖሮ መልሱ ያስደነግጠው ነበር።

በራሳችን አገር ክርክሩ ትኩስ ነው። ስለ ሕገ መንግሥቱ አንዱ ወገን ይቀደድ ይላል፤ ሌላው አንዲት ቃል አትነካም ይላል። ሁለቱም ከየካቲት ምንም አልተማሩም። የማሻሻያውን በር ሕገ መንግሥቱ ራሱ በአንቀጽ 104 እና 105 ከፍቶ አስቀምጦታል። በሩ ጠባብ ነው፤ በዚያ በር ለመግባት መነጋገር፣ መደራደር፣ ከማይወዱት ሰው ጋር መቀመጥ ያስፈልጋል። አድካሚ ቢሆንም መሬትን፣ አስተዳደርን፣ ማንነትን የሚመለከተው ጥያቄያችን ሁሉ በዚያ በር ማለፍ አለበት። አንዲት ቃል አትነካም የሚለው ወገን የጭሰኛውን ሕግ ያንጠለጠለውን ፓርላማ ያስታውስ። ይቀደድ የሚለው ደግሞ መስከረም 2 ቀን አጨብጭቦ በቀይ ሽብር ልጁን ያጣውን ሰው ያስታውስ።

ከፖለቲካው ወረድ ብሎም የምንጠብቀው አለ። አሥራ ሰባቱን ዓመት ከተሻገሩት ነገሮች መካከል እድሩ፣ እቁቡ፣ ማኅበሩ፣ ሽምግልናው ይገኙበታል። መንግሥት ያልመሠረታቸው፣ በመዋጮና በመተማመን የቆሙ ናቸው። በከተማ ግርግርና በስደት ኑሮ እየሳሱ ያሉት እነዚህ ተቋማት ዜጋን ብቻውን ከመቅረት የሚያድኑ ናቸው። ለወጣቱ የሚከብደው፣ የሚያስቸግረው ደንብ ካላቸው ይሻሻል፤ ሴቶችን ከውሳኔ ያገለለ ልማድ ካለ ይቅር፤ መዋጮው ለድሃው ከብዶ ከሆነ ይቃለል። አባል ሆኖ፣ ስብሰባ ተቀምጦ፣ ደንቡን አንቀጽ በአንቀጽ የሚያሻሽል ወጣት ለአገሩ ከመቶ መፈክር የበለጠ ሠርቷል።

ጥገና ክብሩ ይመለስለት። የሚጠግን ሰው ጉድለቱን የሚያይ፣ ነገር ግን ከሱ በፊት የነበሩት ሰዎች ሁሉ ሞኞች ነበሩ ብሎ የማያስብ ሰው ነው። የያዘውን ሳይለቅ የጎደለውን ይጨምራል፤ የበደለውን ሳይገድል ይከስሳል፤ የተወሰደበትን ይክሳል። ዛሬ ወንበር ላይ ያላችሁ፣ ልመናውን ሳትሰሙ ቀርታችሁ ዓመጹን አትጥሩ። ዛሬ ወንበር የምትጠይቁም፣ ነገ እናንተን የሚጠብቃችሁን ሕግ ዛሬ በጠላታችሁ ላይ አትስበሩት። ለሁለታችሁም የሚበቃ ትምህርት በየካቲትና በህዳር ተጽፏል፤ ዋጋውም በአንድ ትውልድ ደም ተከፍሏል።